ውሻችሁ ምግብ እምቢ ሲል፦ ድዱን ገልጣችሁ እዩ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ግቢያችን ውሻ ታሞ ሲተኛ ቶሎ የሚባለው «ብርድ መቶት ነው» ነው። ቦቢንም እንዲሁ ብለን ሦስት ቀን አቆየነው። ድዱን ስገልጥ ወረቀት መስሏል። እስካሁን ይቆጨኛል።

መዥገር የሚያመጣቸው ሁለቱ ዋና በሽታዎች፣ ባቤሲያና ኤርሊኪያ፣ ሲጀምሩ ምልክታቸው አንድ ነው፤ ትኩሳት፣ ድካም፣ ምግብ መጥላት። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ድዱ፣ ሽንቱና ቆዳው ላይ ነው።

ድዱ ከነጣና ሽንቱ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ባቤሲያን ጠርጥሩ። ባቤሲያ ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ያፈርሰዋል፤ ሽንቱን የሚያጠቁረው የፈረሰው ደም ነው። የዓይኑ ነጭም ቢጫ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነገ ማለት የለም። ሐኪሙ ደሙን በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ብዙውን ጊዜ ኢሚዶካርብ ይወጋዋል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይደግመዋል። ቦቢ የዳነው በዚህ ነው። የከብት መድኃኒት የሆነውን ዲሚናዚን ግን በግምት እንዳትወጉ አደራ። ውሻን በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው።

ነስር ካለው ወይም ሆዱና ድዱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀይ ነጠብጣቦች ካሉ፣ ይበልጥ የሚጠረጠረው ኤርሊኪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ነው፤ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ያሳንሳል። መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ሲሆን የሚሰጠው ለ28 ቀን ያህል ነው። ውሻው በሁለት ሦስት ቀን ቀና ሲል ብዙዎች ያቋርጡታል። አታቋርጡ፤ በሽታው አድፍጦ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

አንድ ውሻ ሁለቱንም በአንዴ ሊይዝ ይችላል። አንዱ ታክሞ ለውጥ ከሌለ ሌላውም ይመርመር። የሰው ሕመም ማስታገሻ የሆኑትን አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደግሞ አትስጡት፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳሉ።

ቢምቢ የሚያስተላልፈው የልብ ትል ሌላ ነው። ትኩሳት ሳይኖር ያስላል፣ ትንሽ ሮጦ ይደክመዋል። ትሉ በቢምቢው ውስጥ የሚያድገው ሙቀት ሲያገኝ ስለሆነ ውሻው ከቆላ የመጣ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ትሉ እስኪጎለምስ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት የተደረገ ምርመራ ነጻ ነው ቢል አትዘናጉ።

መዥገሩን ቆዳው ላይ ከተጣበቀበት ቦታ በወረንጦ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ጋዝ አትቀቡት፣ በእሳትም አታቃጥሉት። የውሻ መዥገር ግድግዳ ላይ ወጥቶ ስንጥቅ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል። እኛም ቦቢን ካሳከምን በኋላ የጭቃ ግድግዳውን ስንጥቆች ደፈንን፣ የሚተኛበትንም ጆንያ አቃጠልነው።