ሊድም ቦክስም የሚሆን ጊታር፦ ፒዞ ያለው ስትገዛ ምን ታያለህ

ሃዋሳ ሐይቅ ዳር ሰርግ የሚጫወት ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ምሳ ላይ ለስለስ ያለ ነገር በቦክስ ጊታር (ያለ ኤሌክትሪክ በሚጮኸው)፣ ማታ ጭፈራው ሲጦፍ ደግሞ ሊድ (ኤሌክትሪኩ)፣ ሁለቱን ከነሻንጣቸው ባጃጅ ላይ ጭነህ ከፒያሳ ትወርዳለህ፣ ቦክሱ ደሞ ሞኒተር (መድረክ ላይ ወደኛ የዞረው ስፒከር) አጠገብ ሲሆን መጮህ ይጀምራል። ፒዞ ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር የሚፈለገው ለዚህ ነው፣ ግን ውድ ነገር ስለሆነ ረጋ በል፣ እኔ የመጀመሪያውን በመልኩ ገዝቼ ዓመት ሳይሞላው ነው የሸጥኩት።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባህ። ተራው ፒክአፕ (የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ማግኔት ነው፣ የሚሰማው የብረት ክር ሲንቀጠቀጥ ነው። ፒዞ ግን ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ውስጥ የተቀበረ፣ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል ነው፣ የኩሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳዩት ነገር። ማግኔት ስላልሆነ ድምፁ ወደ ቦክስ ጊታር ይጠጋል። ይጠጋል ነው ያልኩት። ጠንክረህ ስትመታው የፕላስቲክ ዓይነት ጠርቀቅ የሚል ነገር አለው፣ ርካሹ ላይ ይብሳል፣ ጥሩ ፕሪአምፕ (ጊታሩ ውስጥ ያለ በባትሪ የሚሰራ ማጉያ) ያለው ላይ ይቀንሳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ጊታሩን ሲሞክሩት ጊታር አምፕ ላይ ይሰኩትና "ፒዞው አይረባም" ይላሉ። የጊታር አምፕ ስፒከር እኮ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አብዛኛውን አያወጣውም፣ ለዲስቶርሽን (ለሻከረው የሊድ ድምፅ) ጥሩ ነው፣ የፒዞ ጥራት ግን እዛ ላይ ነው ያለው። ፒዞ ቦታው ሚክሰር ነው፣ በዲአይ ቦክስ (የጊታርን ድምፅ ለሚክሰር እንዲስማማ በምታደርግ ትንሽ ሳጥን) አድርገህ ቀጥታ ወደ ሳውንድ ሲስተሙ። ስለዚህ ብራንድ ከማየትህ በፊት ጃኩን እይ። ማግኔቱና ፒዞው ለየብቻ ይወጣሉ ወይ? በሁለት ጃክ ወይም በአንድ ስቴሪዮ ጃክ ከሆነ አንዱን ወደ አምፕ ሌላውን ወደ ሚክሰር ትልካለህ። ተቀላቅሎ በአንድ መስመር ብቻ የሚወጣ ከሆነ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም እኔ አልገዛም፣ ዲስቶርሽን ስትረግጥ ፒዞውም አብሮ ይበላሻላ።

ስትሞክር የራስህን ኬብልና አዲስ 9 ቮልት ባትሪ ይዘህ ሂድ። ማግኔቱን አጥፋው፣ ሚክሰሩ ላይ ኢኪውውን (የቤዝና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያውን) መሃል ላይ አድርገህ ስድስቱን ክር አንድ በአንድ በእኩል ጉልበት ምታቸው። አንዱ ክር ከሌሎቹ ካነሰ አንዷ ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍባት፣ ፒዞው ያለባት) ታማለች ማለት ነው፣ ሐይቅ ዳር እንደኛ እርጥበትና ላብ ባለበት ቦታ የሰራ ጊታር ላይ ይሄን በተለይ እይ፣ የሳድሎቹ ሽቦ እንደ ፀጉር ቀጭን ነች። ከዛ ማግኔቱን ጨምርበትና ሁለቱን አቀላቅል፣ ድምፁ መወፈር ሲገባው ከሳሳና ቤዙ ከጠፋ ፌዛቸው (የድምፅ ሞገዳቸው አቅጣጫ) ተገላብጧል፣ ሽቦ በማዞር ይስተካከላል ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው ሃሃ። ስዊቹን ወዲህ ወዲያ አድርገው፣ "ጧ" የሚል ከሆነ ማታ ሰርግ ላይም ጧ ይላል። ጊታሩ በዘመድ ከውጭ የሚመጣ ከሆነና ዘመድህ ጊታር የማይነካ ከሆነም ችግር የለውም፣ በቪዲዮ ደውልና ክሮቹን አንድ በአንድ እንዲመታልህ አድርግ።

ሞዴል ካልከኝ፣ ፒአርኤስ ሆሎውቦዲ 2 ፒዞ ለእኔ አንደኛ ነው፣ ሁለት ጃክ አለው፣ ኤስኢ የሚባለው ደግሞ ረከስ ይላል፣ ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሞኒተር ፊት ለፊት አትቁም። ሙዚክ ማን የሮክ ጊታሪስቱ የጆን ፔትሩቺ ሞዴሎች ከባድ ሙዚቃ ለሚወድ። ፓርከር ፍላይ እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ ብዙዎቻችን ፒዞን የወደድንበት ነው፣ ላባ ነው ክብደቱ፣ አሁን ግን አዲስ አይሰራም፣ ውስጡ ያለችው ሪባን ሰርኪት (ጠፍጣፋ ቀጭን የሽቦ ሰሌዳ) ብትበላሽ መለዋወጫ ፍለጋ ትንከራተታለህ። ቴይለር ቲ5ን ሰዎች ፒዞ አለው ይሉሃል፣ የለውም፣ የቦዲው ሴንሰሩም ማግኔት ነው። ፌንደር አኮስታሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው ፒዞ አለው፣ ግን እሱ ቦክስነቱ ይበዛል፣ ዋና ስራህ ሊድ ከሆነ ይቅርብህ።

ባትሪ ነገር። አብዛኛው ላይ ኬብሉ እንደተሰካ ባትሪው ይበላል፣ ጊታሩ ባይነካም። አንዴ ከሰዓት ሳውንድ ቼክ ጨርሼ ኬብሉን ሳልነቅል ምሳ በላሁ፣ ተኛሁ፣ ማታ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ፒዞው ላይ ትዝታ ጀመርኩ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ድምፁ እየተሰነጣጠቀ ሄዶ ጥፍት። ቤዙና ከበሮው ብቻቸውን ቀሩ፣ ኪቦርዲስቱ አይኑን አፍጥጦ አየኝ፣ ወደ ማግኔቱ እስክቀይር የሙሽራዋ እናት ሳትቀር ዞራ አየችኝ። ከዛ ወዲህ ኬብል መንቀል እንደ ጫማ ማውለቅ ሆኖብኛል።

ክሩ ኒኬል ይሁን፣ ውፍረቱ ከ10 እስከ 46 የሚባለው ይበቃል። የቦክስ ጊታር የብሮንዝ ክር ካሰርክበት ፒዞው ይሰማዋል፣ ማግኔቱ ግን ወፍራሞቹን ክሮች በደንብ አይሰማቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አይነግርህም። ፒዞውን ብቻ ክፈት፣ ቤዙን ቀንስ፣ የቀኝ መዳፍህን ብሪጁ ላይ ትንሽ አሳርፈህ ፒኩን ወደ ብሪጁ ጠጋ አድርግና በትዝታ ቅኝት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ እያልክ አጭር አጭር አድርገህ ምታ። ክራር ነው የሚመስለው። ማግኔቱ ላይ ሞክረው፣ አይወጣም።