«ቱታ» ሲባል የትኛው ልብስ ነው? የቃሉ አጠቃቀም

በአዲስ አበባ ዳርቻ «ቱታ» የሚለው ቃል የሚጠራው አንድ ልብስ ብቻ አይደለም። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ጋራዥ ወይም ፋብሪካ ለሚሠራ ሰው ቱታ ማለት ዘይትና ግራሶ ሰውነቱን እንዳይነካው የሚለብሰው የሥራ ልብስ ሲሆን፣ ሱሉልታ ላይ በማለዳ ለሚሮጥ አትሌት ግን ጃኬትና ሱሪ ያለው የስፖርት ልብስ ነው።

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ታያት በሚል ስም የሚታወቀው የፍሎረንሱ ሠዓሊ ኤርኔስቶ ሚካሄሌስ ማንም ሰው በቤቱ ሊሰፋው የሚችል አንድ ወጥ ልብስ ነድፎ ቱታ አለው፤ ንድፉም በ1920 እ.ኤ.አ. ላ ናትሲዮኔ በተባለው ጋዜጣ ወጣ። ዛሬ ጣሊያኖችም የሥራውንም የስፖርቱንም ልብስ ቱታ ስለሚሉ፣ መደናገሩ የእኛ ብቻ አይደለም።

ሱቅ ገብቶ «ቱታ አለ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ ለክርክር ይዳርጋል፤ ብዙ ወጣቶች የታችኛውን ሱሪ ብቻ ቱታ ስለሚሉት፣ ሻጩ ጃኬቱንና ሱሪውን አንድ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅሎ ሲያሳይ የጠራው ዋጋ የሱሪው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም የሚፈልግ «ሙሉ ቱታ»፣ አንዱን የሚፈልግ «የቱታ ሱሪ» ወይም «የቱታ ጃኬት» ይበል።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ደግሞ «የሥራ ቱታ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ወጥ ይሁን ወይስ ኮትና ሱሪው የተለያየ፣ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት መነገር አለበት። አንድ ወጥ ከሆነ ከትከሻ እስከ ብሽሽት ያለው ልክ ከወገቡ ልክ ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ይህ ካጠረ ሠራተኛው ጎንበስ ባለ ቁጥር ልብሱ ትከሻውን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ውሎ አድሮም ስፌቱ ከብሽሽቱ ይተረተራል።

በጽሑፍ ቃሉን የሚሸሹና «የሥራ ልብስ» ብለው የሚያልፉ አሉ። ይህ ጋዋንንም ካፖርትንም ስለሚያካትት፣ በእኔ አስተያየት «ቱታ» የተሻለ ግልጽ ነው። ሆኖም በውል ላይ «በዓመት ሁለት ቱታ» ተብሎ ከተጻፈ አሠሪው አንድ ኮትና አንድ ሱሪ ሰጥቶ ሁለት ነው ሊል ስለሚችል፣ «ኮትና ሱሪ ያለው ሁለት ሙሉ የሥራ ቱታ» ተብሎ ይጻፍ።