የጣሊያን፣ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጃፓን አሮጌ የብረት ብስክሌት ፍሬሞችን እንዴት እናወዳድራለን?

ሻጭ «የጣሊያን ነው» ካለ ዋጋው ወዲያው ከፍ ይላል። ምክንያት አለው፤ የቤልጂየሙ ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የተጓዘው ጣሊያናዊው ኮልናጎ በሠራው ብስክሌት ነበር። ይህ ታሪክ ግን አሁን ፊት ለፊታችሁ ስለ ቆመው ፍሬም ምንም አይነግራችሁም። እኔ እንደማምነው የሀገር ስም ዋጋ የሚኖረው መለዋወጫ መፈለግ ሲጀመር ነው፤ የፍሬሙ ጥራት የሚታወቀው በመለካት ነው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)፣ የእጅ ባትሪና ሜትር ያዙ።

መጀመሪያ የቱቦውን ዓይነት ለዩ። ብዙ ጊዜ በኮርቻው ቱቦ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፦ የበርሚንግሃሙ ሬይኖልድስ 531 (እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ፣ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ያለው ብረት)፣ የሚላኑ ኮሎምበስ፣ የፈረንሳዩ ቪቱስ፣ የጃፓኖቹ ታንጌና ኢሺዋታ። የሚፈለገው ጫፍ ጫፉ ወፈር፣ መሀሉ ሳሳ ያለ ቱቦ ነው። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ አንዳንዱ ስለ ሦስቱ ዋና ቱቦዎች ብቻ ነው የሚናገረው፣ የኋላው ክፍል ከተራ ብረት ሊሆን ይችላል። ሀገርም ከሀገር ይደባለቃል፦ ታዋቂው የፈረንሳይ ፔጆ ፒኤክስ-10 የተሠራው በእንግሊዙ 531 ነው።

ቀጥሎ የኮርቻውን ዘንግ አውጥታችሁ ውፍረቱን ለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጣሊያን፣ በእንግሊዝና በጃፓን ፍሬሞች ላይ 27.2 ሚሊ ሜትር ከተገኘ ቱቦው ስስና ጥሩ ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ 26 እና ከዚያ በታች ሲወርድ የቱቦው ግድግዳ ወፍሯል፣ ፍሬሙም ይከብዳል። ፈረንሳዮች ግን ለረጅም ጊዜ ቱቦ ይሠሩ የነበረው በሜትር ልኬት ነው፤ የኮርቻቸው ቱቦ ውጫዊ ስፋት 28 ሲሆን የሌሎቹ 28.6 ነው። ስለዚህ በፈረንሳይ 531 ፍሬም ላይ 26.4 ብታገኙ ፍሬሙን አትናቁት፤ ያ ለእሱ ትክክለኛ ልኩ ነው። ሁልጊዜ ውጫዊውን ስፋት አስቀድማችሁ ለኩ፤ ቀለሙም ትንሽ እንደሚጨምር አትርሱ።

ከዚያ ፔዳሉ ወደሚዞርበት የታችኛው አጭር ቱቦ ውረዱ። ከጎን እስከ ጎን ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጣሊያናዊ ነው፤ የመጠምዘዣው ጥርስ በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ይጠብቃል። እንግሊዝና ጃፓን 68 ይጠቀማሉ፤ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ጥርስ ግን ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፣ ይህም ፔዳል ሲመታ እንዳይላላ ያግዘዋል። የድሮው ፈረንሳይ 68 ስፋት ቢኖረውም ዲያሜትሩ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ የራሱ ጥርስ አለው፤ መለዋወጫው ብርቅ ነው። የእንግሊዝ ወይም የፈረንሳይ ጥርስ ቢበላሽ ቱቦውን ሰፋ አድርጎ ወደ ጣሊያን ልክ መቀየር ይቻላል። የጣሊያኑ ራሱ ከተበላሸ ግን መዳኛው ይጠብባል፤ ስለዚህ የጣሊያን ፍሬም ጥርሱን በባትሪ ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ።

ለኋላ ጎማ የተተወውን ክፍተት መለካት ቀላል ነው፦ 120 ሚሊ ሜትር ለአምስት ማርሽ፣ 126 ለስድስትና ለሰባት፣ 130 ደግሞ ከዚያ በኋላ ለመጡት። ብረት በመሆኑ ባለሙያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊከፍተው ይችላል።

የየትም ሀገር ይሁን፣ በመሪው ቱቦ ጀርባ የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ በጣታችሁ ዳስሱ። ከሥር እብጠት ወይም የተሰነጠቀ ቀለም ካለ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል፤ ተዉት። የመጋጠሚያዎቹን ጠርዝ ስታዩም ብየዳው ክፍተት መተው የለበትም። በዚህ በኩል የጃፓን ፍሬሞች፣ በብዛት ከፋብሪካ የወጡትም ጭምር፣ እጅግ ንጹሕ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። የጃፓኑ ብስክሌት አምራች ሚያታ ቱቦውን ራሱ እስከ ማምረት የደረሰ ሲሆን ዋጋውም ከጣሊያኖቹ ያነሰ ነው። ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው የምመክረው ይህንን ነው።

ተመሳሳይ ዋጋ የተጠራባቸው 531 ያለው ፔጆና ተራ ቱቦ ያለው የጣሊያን ፍሬም ቢቀርቡላችሁ ፔጆውን ውሰዱ፤ ሻጩ ግን የፔዳሉን ኩሽኔታ መያዣዎች ነቅሎ እንዳያስቀር ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ።