በአሮጌ ፎርድ 8ኤን ትራክተር ላይ የሞተር ቁልፍና የመብራት ማብሪያ ሽቦ እንዴት ይዘረጋል?

እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 በአሜሪካ የተመረተው ፎርድ 8ኤን ከ500,000 በላይ የተሠራ ትራክተር በመሆኑ፣ ዛሬም በየእርሻው ጥግና በአሮጌ ማሽን ወዳጆች እጅ በብዛት ይገኛል። ብረቱ ዘመን ቢሻገርም ሽቦው ግን አይሻገርም፤ ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የቀድሞ ባለቤቶችም እየቆረጡ የቀጠሉት ስለሚበዛ የቱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስቸግራል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ዲስትሪቢዩተራቸው (ነዳጁን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ከሞተሩ ፊት ለፊት የተገጠመላቸውን፣ እስከ 1950 የተሠሩትንና የ6 ቮልት ሥርዓታቸው ወደ 12 ያልተቀየረባቸውን ነው።

አሮጌው ሽቦ ከመነቀሉ በፊት በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ናስትሮ ጠቅልለው ቁጥር ይጻፉበት፣ ፎቶም ያንሱት። ከዚያ ባትሪው ይፈታል። እዚህ ላይ የመኪና ልምድ ያሳስታል፤ በዚህ ትራክተር ላይ ከብረት አካሉ ጋር የሚታሰረው፣ ጋራዥ ቤት «ማሳ» የምንለው፣ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የሚፈታው ፖዘቲቩ፣ በመጨረሻ የሚታሰረውም እርሱው ነው። ማሳው ሳይፈታ ኔጋቲቩን የሚፈታ ሰው፣ መፍቻው የትራክተሩን አካል በነካ ቅጽበት ብልጭታውን ያየዋል።

ሽቦ ሲገዙ ውፍረቱን በመኪና ልክ አይገምቱ። ሁለት ባለ 35 ዋት የፊት መብራቶች በ6 ቮልት ወደ 12 አምፔር የሚጠጋ ይስባሉ፤ በ12 ቮልት ቢሆን የዚህን ግማሽ ብቻ በሳቡ ነበር። ከባትሪው እስከ መብራቶቹ ያለው መንገድ 4 ሜትር ነው ብንል፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ ብቻውን ግማሽ ቮልት ያህል ያስቀራል። ከ12 ቮልት ላይ ግማሽ ቮልት ቢጎድል ዓይን አያስተውለውም፤ ከ6 ቮልት ሲጎድል ግን መብራቱ እንደ ኩራዝ ቢጫ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ቤት የተረፈኝን ቀጭን ሽቦ ዘርግቼ፣ ጥፋቱን ከአምፖሉ ስፈልግ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አሳልፌያለሁ። ለመብራት 4፣ ለሞተር ቁልፉ 2.5፣ ከባትሪው ወደ አምፔር መለኪያው ለሚመጣው ደግሞ 6 ካሬ ሚሊሜትር ቢጠቀሙ ይበቃል።

ዋናው ሽቦ የሚነሳው የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ከታሰረበት የሶሌኖይዱ (የማስነሻ ሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ) ትልቅ ብሎን ሲሆን፣ ወደ አምፔር መለኪያው አንደኛው ጫፍ ይገባል። በሁለተኛው ጫፍ ላይ ሦስት ሽቦዎች ይገናኛሉ፤ ከዲናሞው በኩል የሚመጣው፣ ወደ ሞተር ቁልፉ የሚሄደውና ወደ መብራት ማብሪያው የሚሄደው። መብራቱን ከባትሪው በኩል ባለው ጫፍ ላይ የሚያስር ሰው መብራቱ ይበራለታል፤ ነገር ግን መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ውሸት ይሆናል። የሞተሪኖው (የማስነሻ ሞተሩ) ወፍራም ገመድ በመለኪያው በኩል አያልፍም።

ከሞተር ቁልፉ የሚወጣው ሽቦ በቀጥታ ወደ ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረው ክፍል) አይሄድም፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ሬዚስተር በኩል አልፎ ነው በቦቢናው አናት ላይ ካለው ብሎን የሚታሰረው። ሬዚስተሩ በሥራ ላይ በጣም ስለሚግል ሌላ ሽቦ እንዳይነካው ያርቁ፤ ሬዚስተሩን ዘሎ በቀጥታ ማያያዝም ቦቢናውን ለቃጠሎ ይዳርጋል።

የሞተር ቁልፉን ማዞር ሞተሩን አያስነሳም። ሞተሪኖውን የሚያዞረው በማርሽ ዘንጉ አጠገብ ያለው የሚጫን ቁልፍ ሲሆን፣ የሚሠራውም ማርሹ ዜሮ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከሞተር ቁልፉ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ስለሌለ አዲስ ሽቦ አይሳቡለት። ከዚህ የሚከተል አንድ አደጋ አለ። ሞተሩ ቆሞ የሞተር ቁልፉ ሳይዘጋ ከቀረ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት መገናኛ ነጥቦች ተገጣጥመው ከቆሙ ኤሌክትሪኩ ሳያቋርጥ ይፈሳል፣ ቦቢናው ይግላል፣ ባትሪውም ያልቃል። ከቁልፉ መውጫ ትንሽ የ6 ቮልት ቀይ አምፖል ማስገባት ለዚህ ጥሩ መላ ነው፤ የትራክተሩን የጥንት መልክ መጠበቅ የሚሹ ሰዎች ቅር ሊላቸው ቢችልም፣ እኔ ግን አምፖሉን እመርጣለሁ።

በመብራቱ መስመር ላይ፣ ለአምፔር መለኪያው ቅርብ በሆነ ቦታ፣ የ20 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ማብሪያው ለቀጥተኛ ጅረት የተሠራና 20 አምፔር የሚችል መሆን አለበት፤ የቤት ማብሪያ ሲዘጋ የሚፈጠረውን ብልጭታ ቶሎ ስለማያጠፋ ውስጡ ይቃጠላል። ከማብሪያው የሚወጣው ሽቦ ወደ ሁለቱ የፊት መብራቶች ይከፈላል፣ የኋላው የሥራ መብራት ለብቻው ማብሪያ ቢኖረው ይሻላል። ትራክተሩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ማሳውን ይከለክላል፤ የመብራቱ ብሎን የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቁት፣ ወይም ከእያንዳንዱ መብራት ወደ ሞተሩ አካል የማሳ ሽቦ ይሳቡ።

ሲጨርሱ ሁሉንም ማብሪያ ዘግተው፣ የማሳውን ገመድ ከማሰርዎ በፊት በገመዱና በባትሪው ፖዘቲቭ መካከል የ6 ቮልት መፈተሻ አምፖል ያኑሩ። አምፖሉ ከበራ አንድ ቦታ ሽቦ ብረት ነክቷል ማለት ነው። ካልበራ ገመዱን አስረው ቁልፉን ይክፈቱ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ሞተሩን በአየር ማራገቢያው በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ሞተሩ ሊነሳ ስለሚችል ይህን ከማድረግዎ በፊት የካንዴላ ገመዶቹን ይንቀሉ። የአምፔር መለኪያው መርፌ መገናኛ ነጥቦቹ ሲገጥሙ ጥቂት አምፔር ወደ ማፍሰስ በኩል ይወርዳል፣ ሲለያዩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መብራቱ ሲበራ ደግሞ ወደ 12 ይጠጋል። ሞተሩ ሳይነሳ መርፌው ወደ መሙላት በኩል ከሄደ፣ በመለኪያው ጀርባ ያሉት ሽቦዎች ተገላቢጦሽ ታስረዋል፤ ማሳውን እንደገና ፈትተው ያቀያይሯቸው።