«አልችልበትም» የሚያስብሉ ስህተቶች፦ አፕና ድረ ገጽ ስንሠራ የምንደጋግማቸው

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ባንክ ውስጥ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ። እኔ መቼም አልችልበትም» አሉኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት በተን አለ። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። አንዱ «ቀጥል» ይላል፣ ሌላው «እሺ»። ምን እንደሚለያያቸው እኔም አላወቅኩም። እንጀራዬ ደግሞ ይኸው ነው፤ የአፕና የድረ ገጽ ዲዛይነር ነኝ።

ከዚያ ወዲህ «አልችልበትም» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ሰውየውን ትቼ ስክሪኑን ማየት ጀምሬአለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እዚያ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ስመላለስ ያየኋቸውን፣ ጥቂቱንም በገዛ እጄ የሠራኋቸውን ስህተቶች ላውጋችሁ።

1. የሌለንን የቤተሰብ ስም መጠየቅ

ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለው። እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። ከውጭ የተገለበጠ ፎርም ግን ሁለት ሳጥን ያስቀምጣል፦ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም»። መጨረሻው የቱ ነው? አንዱ አባቱን ይጽፋል፣ ሌላው አያቱን። ሦስተኛው የአባቱንም የአያቱንም እዚያችው ሳጥን ውስጥ ይጨምቃቸዋል። በኋላ ከመታወቂያ ጋር ሲመሳከር «ስሙ አይገናኝም» ይባላል። ደንበኛው ተመላለሰ ማለት ነው።

የባሰው አጠራሩ ነው። ጓደኛዬ አንድ ቦታ ተመዘገበና «ውድ ተሰማ፣ እንኳን ደህና መጡ» የሚል መልእክት ደረሰው። ተሰማ አባቱ ናቸው። ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ክፉ አላሰበም። የውጭ ሰው በቤተሰብ ስሙ ሲጠራ ክብር ነው፣ እሱም እንዳለ ገለበጠው። እኛ ጋ ክብሩ «አቶ» እና «ወይዘሮ» ላይ ነው፤ ስሙ ግን የባለቤቱ ነው። ሦስት ሳጥን አድርጉ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ስትጠሩት በመጀመሪያው ጥሩት። ባልና ሚስትም አንድ «የመጨረሻ ስም» እንዲኖራቸው አትጠብቁ።

ስም ካነሳን ፍለጋውን ላንሳ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አስቡት። ሁለት «ፀ» አለን፤ ለ«ሐ» ድምፅ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እያልን እንጽፋለን። ሲባዛ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይመጣል። ጆሮ ለይቶ አይሰማቸውም፤ ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን ሌላ ሰው ያደርገዋል። ፀሐይ ራሷ መዝገቡ ላይ እያለች «እንደዚህ የሚባል ሰው የለም» ትባላለች። ሲፈለግ ሞክሼ ፊደላቱን እንደ አንድ የሚቆጥር ኮድ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሲቀመጥ ግን የስሙ ባለቤት እንደጻፈችው ይቀመጥ፤ የሰው ስም ማረም የእኛ ድርሻ አይደለም።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ከፈረንጅ ጋር ማደባለቅ

«የ13 ወር ፀጋ» ሲባል እየሰማን አድገን 12 ወር ብቻ ያለው ዝርዝር እንሠራለን። ጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ጳጉሜን የጨመሩትም አንዳንዶቹ 5 ቀን ላይ ያቆሙታል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ በአራት ዓመት አንዴ እንዲያ ናት።

ዓመቱ ላይ ጣጣው ይብሳል። ሳጥኑ «የትውልድ ዓመት» ብቻ ካለ ሰው የሚያውቀውን ይጽፋል፦ በእኛው አቆጣጠር። ሲስተሙ ደግሞ እንደ ፈረንጅ ያነበዋል። ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። የ17 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ የ24 ወይም የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆነ ማለት ነው። ከሳጥኑ በላይ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚል ምርጫ አስቀምጡ። ሰውየው አንዱን ሲሞላ ሌላውን ከሥር አሳዩት። ስህተቱን ያኔውኑ በዓይኑ ያየዋል።

ሰዓቱ እኔንም አስከፍሎኛል። አንድ ክሊኒክ «ቀጠሮዎ 3:00» የሚል መልእክት ላከልኝ። እኔም እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ ጠዋት በ3 ሰዓት ከች አልኩ። ሲስተሙ ግን የሚያስበው በፈረንጅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ማለቱ ነበር። 6 ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ አላፈረችም፣ «ብዙ ሰው እንደዚህ ይመጣል» አለችኝ። ብዙ ሰው! ጎን ያለው ካፌ ገብቼ ሦስት ማኪያቶ ጠጣሁ። «ከሰዓት 9:00 (በፈረንጅ 3:00)» ብሎ ለመጻፍ የሚጨመረው ሦስት ቃል ነው።

3. ፖስታ ኮድ ካልሞላህ አላልፍህም ማለት

እዚህ ፖስታ ብዙ ጊዜ በር ላይ አይመጣም፤ የሚመጣው ሳጥን ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ሰው አምስት ዜሮ ጽፎ ያልፋል። እናንተም የዜሮ ክምችት ይኖራችኋል።

የእኛ አድራሻ ምልክት ነው፦ «ከፋርማሲው ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊው በር»። ምልክት ደግሞ ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲነሡ ስንት «ፊት ለፊት» እና ስንት «ጀርባ» አብሮ እንደሄደ የዴሊቨሪ ልጆችን ጠይቁ። ካርታ ላይ ነጥብ እንዲተክል ፍቀዱለት፣ ምልክቱን በራሱ ቃል ይጻፍ፣ ስልኩን ተቀበሉ። ክፍለ ከተማ ከዘረዘራችሁ ደግሞ 11 መሆናቸውን ቁጠሩ። ለሚ ኩራን የረሱ ፎርሞች ዛሬም ያጋጥሙኛል።

4. ፊደሉን በላቲን ልክ መቁረጥ

ዲዛይኑ በእንግሊዝኛ ተሠርቶ ያልቅና መጨረሻ ላይ አማርኛው ይፈስበታል። በላቲን ደህና የነበረው መጠን በእኛ ፊደል ጉንዳን ይሆናል። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነው። ፊደሉ ካነሰ ወይም አለቅጥ ከወፈረ ቅጥያው ይጠፋል፣ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል። እኔ የአማርኛውን መጠን ከላቲኑ ሁለት ነጥብ (ፖይንት) ያህል ከፍ አደርጋለሁ፣ በመስመሮቹም መካከል አየር እጨምራለሁ።

ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ርዕስን በትልቅ ፊደል ማጉላት፣ ቃልን አዝምሞ ማሳየት የእነሱ ወግ ነው። እኛ በመጠንና በቦታ እናጉላ። የይለፍ ቃል ላይ «ቢያንስ አንድ ትልቅ ፊደል» ስትሉም ሰውየው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መቀየር እንዳለበት ንገሩት። አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል።

አሁንም አማርኛን ምስል አድርገው ድረ ገጽ ላይ የሚለጥፉ አሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ምስል አይፈለግም፣ አይገለበጥም፣ ለማየት ለተሳነው ሰውም አይነበብም። ለዚህ ምንም ሰበብ የለም።

5. ገንዘብ ይዞ ዝም ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ሱቅ በደረቴው ጋ ሳይቀር ደርሷል። አሁን ትዕይንቱን አስቡት። ምሳ በልታችኋል። «ክፈል» ትጫናላችሁ። ክቡ ይሽከረከራል። ሄደ ወይስ አልሄደም? ካሸሯ ታያችኋለች። ከኋላችሁ ሰው ቆሟል። ጥቂት ትጠብቁና እንደገና ትጫናላችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ ሁለት ጊዜ መክፈላችሁን የሚነግር መልእክት ይመጣል።

የአጠቃቀም ጥናት አዋቂው ያኮብ ኒልሰን በ1993 እ.ኤ.አ. የጻፋቸው ሦስት ገደቦች ዛሬም ይሠራሉ። መልሱ በ0.1 ሰከንድ ከመጣ ሰው ወዲያው የሆነ ይመስለዋል። እስከ 1 ሰከንድ ሐሳቡ አይቋረጥም። ከ10 ሰከንድ ካለፈ ልቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በእኛ ኔትወርክ 10 ሰከንድ ምንም አይደለም። ስለዚህ ለዘገምተኛው ጊዜ መሥራት ግዴታችን ነው።

መጀመሪያ፣ በተኑ አንዴ ከተነካ ይደብዝዝ፣ ሁለተኛ አይነካ። ይሄ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው አፑን ዘግቶ ይከፍተዋል። ስለዚህ ክፍያው ገና ሲጀመር የራሱ ቁጥር ይሰጠው፤ ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ ከመጣ ሰርቨሩ (ክፍያውን የሚመዘግበው ኮምፒውተር) እንደ አንድ ይቁጠረው። ከዚያ ደግሞ የሚታየው ቃል አለ። ብዙ አፖች «ተሳክቷል» እና «አልተሳካም» ብቻ ያውቃሉ። ሦስተኛው ይጎድላል፦ «ገና እያጣራን ነው፤ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ»። ዲዛይነር ይህን መጻፍ ያፍራል፣ ድክመት ይመስለዋል። ካሸሯ ፊት ለቆመው ሰው ግን እውነቱ ይሻለዋል።

የተቀባዩን ስም ከመላኩ በፊት ማሳየት ጥሩ ልማድ ሆኗል፤ እሰየው። 13 አሃዝ ያለውን የሒሳብ ቁጥር ግን አሁንም በአንድ ትንፋሽ የሚያስጽፉ አሉ። አራት አራት አድርጋችሁ ከፋፍሉት፣ ዓይን ይያዘው።

6. «ሲስተም የለም» ብሎ መተው

ይቺን ሐረግ የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ የለም። መስኮት ላይ ሰው ነበር የሚላት፤ አሁን አፑ ራሱ ይላታል፣ ያውም «ኤረር 500» ብሎ በቁጥር። ምን ሆነ? ጥፋቱ የማን ነው? አሁን ምን ላድርግ? እነዚህን ሦስቱን በአጭሩ መልሱ። ኔትወርክ ሲጠፋ ለምሳሌ፦ «ኢንተርኔትዎ ተቋርጧል። የሞሉት አልጠፋም። ሲመለስ ይቀጥሉ።» ይበቃል። በእርግጥ የሞላው እንዳይጠፋ ማድረግም አለባችሁ።

7. የጽሑፍ መልእክቱን ልክ አለማወቅ

በላቲን ፊደል አንድ የጽሑፍ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። አማርኛ ሲሆን 70 ብቻ ነው፤ ሰላምታው ብቻ ግማሹን ይበላዋል። ብሩንና ቀኑን አስቀድሙ፣ «ውድ ደንበኛችን» ከኋላ ይድረስ።

8. ፀሐይንና ታክሲን መርሳት

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። በነጭ ላይ ስስ ግራጫ ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ያምራል፤ ስታዲየም ጋ ታክሲ ሰልፍ ላይ ግን ስክሪኑ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል። የሚለካ መሣሪያ በነጻ ይገኛል። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎችም አሉና በቀለም ብቻ አትናገሩ፤ ቃል ጨምሩበት።

በተኑ ደግሞ በጣት ልክ ይሁን። አፕል ቢያንስ 44 ነጥብ፣ ጉግል 48 ዲፒ ይላሉ፤ ሁለቱም የስክሪን መለኪያ ናቸው። ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ፣ በአንድ እጅ፣ በተሰነጠቀ ስክሪን ለሚጫን ሰው ከዚያም ቢበልጥ አይጎዳም። «ሰርዝ» እና «ላክ»ንም ጎን ለጎን አታጣብቁ።

9. ዋናውን ነገር ካገኘ በኋላ የሚቀር ሥራ መተው

ኤቲኤም ብሩን አስቀድሞ ከሰጠ ሰው ጉዳዩ አለቀ ብሎ ካርዱን ጥሎ ይሄዳል። ለዚህ ነው ብዙ ማሽኖች ካርዱን አስቀድመው እንዲመልሱ የተደረጉት። እናንተም «ተመዝግበዋል!» የሚለውን ከነፊኛው አሳይታችሁ ከሥር በደቃቅ «ለማጠናቀቅ ፎቶ ይጫኑ» አትበሉ። ማንም አያየውም።

10. ራሳችንን ብቻ መጠየቅ

ባለፈው ዓመት አንድ አፕ ስንሠራ በበተን ቀለም ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ሰማያዊ ወይስ አረንጓዴ? ሁላችንም እንግሊዝኛ እናነባለን፣ ሁላችንም አዲስ ስልክ ይዘናል። በመጨረሻ አለቃችን «በቃ፣ ውረዱና ሰው ጠይቁ» አለ።

ከሕንፃችን ሥር የጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ስልኩን ሰጠናት። «ስምሽን አስገቢና ጨርሺ» አልናት፣ ከዚያ ዝም አልን። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ አፋችን «እዚህ ጋ ተጫኚ» ለማለት ይቸኩላል። ስሟን ጻፈች። አባቷን ጻፈች። በተኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሲኒውን አስቀምጣ ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

በተኑ ላይ «አድን» ይላል። «ሴቭ» የሚለውን እንግሊዝኛ አንዱ በማሽን ተርጉሞት ነበር።

«ማንን ነው የማድነው?» አለችን።

«አስቀምጥ» ብለን ቀየርነው። ቀለሙ ግን እስካሁን አልተወሰነም።