ታጥቦ የሚያጣብቅ የሱፍ ጨርቅ፦ ችግሩና መፍትሔው

ከአጠባ ክፍል የወጣ የሱፍ ጨርቅ ሲዳሰስ የሚያጣብቅ፣ መጋዘን ሲቆይ የሚሸት፣ ሲቀለምም ቀለሙን እኩል የማይቀበል ከሆነ፣ ብዙ ኦፕሬተሮች የሚቸኩሉት ሳሙና ለመጨመር ነው። ይህ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ጨርቁን የሚያበላሸው በአብዛኛው የሳሙናው ማነስ ሳይሆን ሳይለቀለቅ መቅረቱ ነውና።

ለማረጋገጥ ከጥቅሉ ጫፍና ከመሃሉ ቁራጭ ይወሰድና ለብ ባለ የተጣራ የባትሪ ውሃ (አሲድ የተቀላቀለበት አይደለም!) በደንብ ይታሽ። ውሃው በብርጭቆ ተቀድቶ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት ወተት ከመሰለ፣ ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ነው።

ሳሙናው የሚቀረው በሦስት ምክንያት ነው። ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ ግራጫ ዝቃጭ ይሠራል፤ የማሽኑ ግድግዳ ላይ ተጋግሮ ይታያል። ሁለተኛው፣ በሌሊት ፈረቃ እንፋሎት ሲቋረጥ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ነው፤ የሱፍ ቅባት የሚቀልጠው 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ የለቀቀው ቅባት ተመልሶ የሱፉ ጭረት (ፋይበር) ላይ ይረጋል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ሳሙናው ሳይወጣ አሲድ መጨመር ነው። የብርድ ልብስ ጨርቅ በዚህ ምክንያት ጥቅል በጥቅል ከማቅለሚያ ሲመለስ አይቻለሁ፤ አሲዱ ሳሙናውን ወደ ቅባትነት መልሶት ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ የፈሰሰው ውሃ ሁሉ ከንቱ ሆነ። የማለቅለቂያው ውሃ በኮምጣጤ ሳይፈተሽ አሲድ የሚጨምር ሰው የሸማኔውን ድካም ሁሉ ያጠፋል።

መፍትሔው በ40–45 ዲግሪ፣ አስቀድሞ በተሟሟ ጥቂት ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) እና በካልሲየም በማይረጋ ዲተርጀንት እንደገና ማጠብ ነው። መጀመሪያ የሚለቀለቀው በዚያው ሙቀት ሲሆን፣ ከዚያ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይውረድ። ሶዳው ሳይሟሟ ጨርቁ ላይ አይበተን፤ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት ወይም የአልካላይነት መጠን) ከ10 አይለፍ፤ ሙቀቱም አይጨመር፣ አለዚያ ሱፉ ቢጫ ይሆናል፣ ይኮማተራል። በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ ሱፍን ይበላዋል።

በኮምጣጤ ያልደፈረሰ ነገር ግን የማሽን ዘይት የሚሸት ጨርቅ ጥፋቱ ከፈትል ክፍል ነው። ለፈትል ማለስለሻ በርካሽነቱ የሚገዛው የማዕድን ዘይት በሶዳ ወደ ሳሙና አይለወጥምና ዘይት ለማስለቀቅ የተዘጋጀ ዲተርጀንት ይፈልጋል፤ ግዢው ካልታረመ ግን ነገም ያው ጥቅል ይመለሳል።

ከዚህ ሌላ በአጠባ የሚፈጠር የማይለቅ እጥፋት አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ከአጠባ በፊት ጨርቁን ዘርግቶና ወጥሮ በፈላ ውሃ ማሳለፍ፣ ሳይፈታም ጥቅሉ ላይ እንዳለ ማቀዝቀዝ ይከላከለዋል።