ዋልካ ላይ ቤት ስትሠሩ እነዚህን አትሳሳቱ

ዝናብ ሲመጣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ድርቅ ሲሆን ግድግዳው ይሰነጠቃል። የሚረገመው ግንበኛው ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ነው። ዋልካ አፈር ሞንትሞሪሎናይት የሚባል ማዕድን አለው። ውሃ ሲያገኝ በስስ ንብርብሮቹ መሃል እየሳበ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤቱን የሚጎዳውም ይሄ የእርጥበት መዋዠቅ ነው።

«ቤቴ ትንሽ ስለሆነ አያሰጋም» ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። እንዲያውም ቀላል ቤት ይብሳል! ያበጠ አፈር በካሬ ሜትር ከ10 ቶን በላይ ሊገፋ ይችላል፣ ፎቅ የሌለው ቤት ይህን ተጭኖ የሚያስቀርበት ክብደት የለውም።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በአሸዋ መሙላት ነው። አሸዋ አያብጥም፣ እውነት ነው። ግን ዙሪያውም ሥሩም ዋልካ ስለሆነ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፣ መሠረታችሁን ገንዳ ውስጥ አስቀመጣችሁት ማለት ነው። የማያብጥና ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ ሰሌክት ማቴሪያል (ለሙሌት ተመርጦ የሚመጣ አፈር) በስስ በስሱ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ።

የዋልካውን እብጠት ለመቀነስ ብሎ ኖራ በግምት መበተንም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ከደረቁ አፈር ክብደት ከ3 እስከ 8 በመቶ ነው፣ ልኩን የሚነግራችሁ ላብራቶሪ ነው። ከተቀላቀለ በኋላ እርጥበቱን ጠብቆ አንድ ሁለት ቀን ይደር፣ ከዚያ ይጠቅጠቅ። አፈሩ ሰልፌት የሚባል የጨው ዓይነት ካለበት ደግሞ ኖራው ራሱ ሌላ እብጠት ያመጣል፤ ሳያስመረምር «ኖራ አምጡ» የሚላችሁን አትስሙት።

ዋልካን ደረቁን ድንጋይ እስኪመስል መጠቅጠቅ? አይሆንም። ደርቆ የታጨቀ ዋልካ ውሃ ሲነካው የባሰ ያብጣል። የተቆፈረ ፉቲንግ (የመሠረት ጉድጓድ) ፀሐይ ላይ ለሳምንታት ክፍት መተውም ያው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ግን ከቤቱ ዙሪያ ያለው ውሃ ነው። አሸንዳው ግድግዳ ሥር ያፈሳል፣ ግቢው ወደ ቤቱ ያጋድላል፣ ቧንቧው ከመሬት በታች ያንጠባጥባል፣ ከዚያ ስንጥቁን በሲሚንቶ መለሰን ነው። መሬቱ ከግድግዳው ጀምሮ በ3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ዛፍም ቤት ሥር አትትከሉ፣ አፈሩን በአንድ ጎን ያደርቀዋል። ትልቅ ዛፍ አስቆርጣችሁ በማግስቱ መሠረት ማውጣትም አደጋ አለው፤ ሥሩ ሲመጠው የነበረው ውሃ ቀስ እያለ ስለሚመለስ አፈሩ ለዓመታት ሊያብጥ ይችላል።